መንግሥትን የማያማ ሰው

አቶ እሸቴ ወንበሩ ላይ በወጉ ሳይደላደሉ መንግሥትን አመሰገኑ። ማንም አልጠየቃቸውም። ወይዘሮ ሙሉዓለም "ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ጀመረ፤ ጭቃው አስቸገረዎት?" ብትላቸው፣ "የምን ጭቃ! መንግሥታችን መንገዱን አሳምሮልን የለ እንዴ!" አሉ። እሪ በከንቱ ውስጥ ያን ጊዜ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የራሳቸው ጫማ እስከ ማሰሪያው ድረስ ጭቃ ለብሷል። "ጤናዎስ እንዴት ነው?" ብትላቸው፣ "ሐኪም ቤት ያቆሙልንን ዕድሜ ይስጥልን" አሉ። ይህን ሁሉ ሲሉ የሚያዩት ሙሉዓለምን አይደለም፤ ጥግ ላይ በካናቴራ የተቀመጠውን፣ ገና ፊቱን ያልታጠበውን ባሏን ፈቀደን ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን ከቃሉ እየለዩ፣ ለጸሐፊ እንደሚያስጽፍ ሰው ይናገራሉ። ፈቀደ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መቅመስ ጀምረው ይሆን ብሎ ጠረጠረ።

አቶ እሸቴ ከሁዳዴ በፊት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር መጥተው የፈቀደን ልጅ ሰገነትን ለፍቅሬ ወልደጊዮርጊስ የጠየቁ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ አረቄውን ሁለት ጊዜ አስደግመው፣ የሙሉዓለምን እጅ አመስግነው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከነከንቲባው ሰድበው ነበር የወጡት። ዛሬ ብቻቸውን ነው የመጡት። የቀረበላቸውን ሻይ እንኳ አልነኩትም፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

"አቶ ወልደጊዮርጊስ ሠርጉ ለጊዜው ይቆይ ብለዋል" አሉ በመጨረሻ።

"ለምን? ምን ተገኘብን?" አለ ፈቀደ።

"ምን ይገኛል! ተገኘ ያለው ማን ነው? እኔ አላልኩም። ይኸው ወይዘሮ ሙሉዓለም ምስክሬ ናት፣ ተገኘ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም" ብለው ብድግ አሉ። እጅ እየነሱ፣ ጀርባቸውን ላለመስጠት እየተጠነቀቁ፣ ወደ ኋላቸው ተራምደው ወጡ። ደፉ አደናቅፏቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ድንኳኑ ተነግሯል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ኪሎ ቅቤ ሦስት ብር በገባበት ዓመት ሙሉዓለም ሁለት እንስራ ሙሉ አንጥራ አስቀምጣለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ሰገነት ፍቅሬን ትወደዋለች። ቤተሰብ አላገናኛቸውም፤ ስድስት ኪሎ ሲማሩ ራሳቸው ተገናኝተው፣ ሽማግሌው ለወጉ ያህል የተላከ ነው። ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ አባቷን አየችው፤ ፈቀደ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ገብታ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙሽራ ቀሚስ አውርዳ ማጣጠፍ ጀመረች። የቀሚሱን ገበር ፈቀደ ራሱ ከሱቁ መርጦ ያመጣው ነው፤ ለደንበኛ ቢሆን ሜትሩን አራት ብር ይሸጠው ነበር። ሙሉዓለም "ምን አድርገህ ነው?" አለችው። "ምንም" አላት። "እስቲ እሱን አጣራ። ሰው በምንም ሠርግ አያፈርስም" አለችው። ፊቱን ሳይታጠብ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

ፈቀደ ፒያሳ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ገበር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። አጠገቡ ሻሽና ሽቶ የምትሸጠው ወይዘሮ ዙህራ ናት፤ ግድግዳቸው አንድ ሳንቃ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ዙህራ ነገር መሸፋፈን አታውቅም። ፈቀደ ሱቁን ሳይከፍት የጠዋቱን ጉድ ሲነግራት ሚዛኗን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

"አንተ፣ እውነትህን ነው አልሰማህም? ጆሮ ጠቢ ነህ እኮ ነው የሚሉህ።"

"ማነው የሚለኝ?"

"የማይልህን ብትጠይቀኝ ይቀለኛል።"

ከዚያ ማስረጃውን ዘረዘረችለት። አንደኛ፣ ስልክ አለው። የአራዳ ነጋዴ ስልክ ለማስገባት ስንት ዓመት ደጅ ሲጠና፣ ፈቀደ ሱቁን በተከራየ በሳምንቱ "ሃሎ" ሲል ተሰምቷል። ስልኩ ከሱቁ ጋር ከቀድሞው ግሪክ ተከራይ የተረፈ እንደሆነ ራሷ ዙህራ ታውቃለች፤ ግን ለሌላው ሰው ማን ይንገረው? ደግሞም የሚደውልለት ሰው የለም፤ ማንም የማይደውልበት ስልክ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ሁለተኛ፣ ጠጅ ቤት ይቀመጣል፣ ሌላው ሲያማ ይሰማል፣ ይስቃል፣ እሱ ግን አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። "እኔማ አላመንኩም" አለች ዙህራ። "ጎረቤቴ ነህ፤ ሆድህን አውቃለሁ። ግን ለማንኛውም ብዬ ይኸው ስድስት ወር ሙሉ ስለ ቀረጥ አንተ ፊት አንስቼ አላውቅም።"

የሁለተኛው ክስ ከባድ እንደሆነ ለፈቀደ ወዲያው ገባው። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ በአራዳ አንድ ሕግ ወጥቷል፤ በአዋጅ አልወጣም፣ ነገር ግን ከአዋጁ ይበልጥ ይከበራል። አምስት ሰው ጠጅ ቤት ከተቀመጠ አራቱ መንግሥትን ያማሉ፣ አምስተኛው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ አለመሆኑን ለማሳየት ሲል ያማል። ፍርድ ቤቱን ያማል፣ ጋዜጣውን ያማል፣ ወደ ሥላሴ አቅጣጫ ባሉት መሥሪያ ቤቶች ወንበር የሚያሞቁትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ያማል፤ ሚስቱ ዘንድ ሲገባ ደግሞ "ዛሬ እንዲህ አልኩ" ብሎ በፍርሃት እንቅልፍ አይወስደውም። ሐሜቱን የሚያምንበት ምናልባት ከአራቱ አንዱ ነው። ፈቀደ የማያማው ታማኝ ሆኖ አልነበረም፤ ፈርቶም አይደለም። ሰነፍ ነው። ሌላው ደህና አድርጎ ሲያማለት፣ እሱ ምን አደከመው?

"እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው" አለች ዙህራ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የእነ ወልደጊዮርጊስ ወዳጆች በሙሉ አይናዲስ ጠጅ ቤት ናቸው። ሂድና ደህና አድርገህ አንድ ጊዜ እማ። ሳይመሽ ወሬው ይደርሳቸዋል፤ ልጅህን ትድራለህ።"

"ምን ብዬ ነው የማማው?"

ዙህራ ከልቧ ሳቀች። "እንኳን በዚህ አገር! ሰው የሚያማው አጥቶ ያውቃል?"

ፈቀደ ግን አጥቷል። በሃያ ዓመት ውስጥ ያደመጠውን ሁሉ አገላብጦ ቢያይ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ነው፤ የማን እንደሆነም ጠጅ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ሐሳብ ለመዋስ ፀጉር አስተካካዩ ተክላይ ዘንድ ገባ። ተክላይ በአንድ ሽልንግ ፀጉርም ይቆርጣል፣ ሚኒስትርም ይሽራል፤ ጋዜጣ ውስጥ እውነት የሚገኘው የሐዘን ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሟቹን ማመስገን ሲጀምር ይበላሻል ያለው ተክላይ ነው። ፈቀደ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ፎጣው ታሰረለት፣ አገጩ አረፋ ተቀባ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ "ተክላይ፣ እነዚህን ሚኒስትሮች እንዴት ታያቸዋለህ?" አለ።

ምላጩ ቆመ። መስተዋቱ ውስጥ የተክላይ ፊት አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ የማያቸው? እኔ አላያቸውም ጋሼ። እግዜር ያክብራቸው" አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፈቀደን አገጩ ሥር ቆረጠው። ይቅርታ እየጠየቀ በአልኮል አሸው፣ ሽልንጉንም አልቀበልም አለ። "ኧረ በሞቴ፣ ከእርስዎ እቀበላለሁ እንዴ!" እያለ በር ድረስ ሸኘው። ፈቀደ ግማሽ አገጩ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይላጭ፣ አገጩን በመሐረብ ይዞ መንገድ ላይ ቆመ። በዕድሜው እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ደሙ ሳይሆን ያ ያልተቀበለው ሽልንግ አንገበገበው።

ከዚያ ወዲያ ከሰው መዋስ ተወ። በጊዮርጊስ አጥር ሥር እየሄደ የራሱን ሆድ ፈተሸ። መጀመሪያ ያገኘው ተራ ነገር ነበር፤ የቧንቧው ውኃ፣ የግብሩ ነገር፣ አንድ ማኅተም ለማስመታት አራት ቢሮ መመላለስ። እነዚህን ማንም ያማቸዋል። ወደ ታች ሲወርድ ግን አንድ ነገር ተገኘ፤ ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። ሲያስታውሰው ፊቱ ጋለ፣ በእፍረትም በንዴትም። ልጁ ትዝ አለችው። እርምጃውን አፈጠነ።

የአይናዲስ ጠጅ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ጢም ይላል። ብርሌው በስሙኒ፣ ወሬው በነፃ ነው። ፈቀደ ሲገባ የመሬት ዋጋ ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ፤ ፈቀደ ይህን ዛሬ ገና ልብ አለው። ስንት ዓመት እንዲህ ሲያደርጉት ኖረው ይሆን? ብርሌውን ባንድ ትንፋሽ ጨልጦ ቆመ። ሰው ቆሞ የሚናገረው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ስለሆነ ቤቱ በሙሉ ዞረ።

"ስሙኝማ" አለ። "አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቤተ መንግሥት መኪና በፒያሳ ሲያልፍ እጅ እንነሳለን አይደለም? እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ነሥቻለሁ። በዝናብ ነሥቻለሁ፣ የታመመ ወገቤን ይዤ ነሥቻለሁ። አንድ ቀን ከሱቄ ፊት ያ ጥቁሩ መኪና መጣ። ወደ መሬት ተደፋሁ። ቀና ስል መኪናው ባዶ ነው። ሰው የለበትም! ሹፌሩ ሊያሳጥበው ይዞት ሲሄድ ነው። ሹፌሩ አየኝና ሳቀ። እኔ ግን ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ደግሜ እጅ ነሣሁ! ለባዶው! እናንተም ነሥታችኋል፤ አጠገቤ ነበራችሁ። እንግዲህ ለማን ነው የምንሰግደው? ሚኒስትሩ፣ ዳኛው፣ ሹሙ፣ ሁሉም ያ መኪና ነው። ውስጡ ማንም የለም። እኛ ነን እየሰገድን ሰው ያለበት ያስመሰልነው!"

ተናግሮ ሲጨርስ ደረቱ ሰፍቷል። እንዲህ ደስ እንደሚል ቢያውቅ ኖሮ ድሮ ይጀምረው ነበር። ጭብጨባ ባይጠብቅም አንድ ሰው እንኳ ይስቃል ብሎ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዱ "ዕድሜና ጤና ይስጥልን!" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ሦስተኛው ቆመ። ካፖርቱን የሚፈልግ ካፖርቱን፣ ባርኔጣውን የሚፈልግ ባርኔጣውን አነሣ፤ ያልተነካ ብርሌ ትተው የወጡ ነበሩ፣ ይህም በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ጠጅ ቤቱ ባዶ ሲሆን እትዬ አይናዲስ መጥታ ፊቱ ቆመች። ከልጅነቱ ታውቀዋለች።

"ምን በደልኩህ፣ ፈቀደ?" አለችው። "ዝም ብለህ መስማቱ አይበቃህም ነበር? ደግሞ ሰው ለማናገር በኔ ቤት? የመሸጫ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው የላኩህ?"

"እትዬ፣ እውነቴን ነው የተናገርኩት!"

"እሱማ እውነት ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እንዲህ ያለውን እውነት ቆሞ የሚናገር ደሞዝ ያለው ሰው ብቻ ነው።"

ፈቀደ ውጭ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ዝም ሲል ጆሮ ጠቢ፣ ሲናገር አናጋሪ። ከዚህ የሚያወጣ አንድ በር ብቻ ታየው። የታሰረ ሰው አይጠረጠርም፤ ሁለት ቀን እስር ቤት ቢያድር አራዳ በሙሉ ስንቅ ይዞ ይጠይቀዋል፣ ወልደጊዮርጊስም አልቅሰው ይቅርታ ይሉታል። ብድግ ብሎ በቅርቡ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ተረኛው የመቶ አለቃ ካሣሁን ክራሩን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ የሚቀመጥ፣ ቅዳሜን የሚወድ ወጣት መኮንን ነበር።

"መንግሥትን ተሳድቤ መጣሁ፤ እሰሩኝ" አለው ፈቀደ።

መኮንኑ ከላይ እስከ ታች አየው። ደህና ካፖርት፣ ግማሽ የተላጨ ጢም፣ የተረጋጋ ድምፅ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። "ከየትኛው ክፍል ነው የመጡት ጌታዬ?" አለ በሹክሹክታ። ፈቀደ ከክር ሱቅ ነው የመጣሁት ሲለው ፈገግ አለ። "ገባኝ። አይንገሩኝ፤ እንደማይፈቀድልዎት አውቃለሁ። አምና ሌላ ጣቢያ እንዲሁ አንዱን ለፈተና ልከውበት ነበር። አዛዡ እብድ መስሎት አስወጣው፤ ዛሬ ኦጋዴን ነው ያለው።"

"ኧረ እኔ የማንም ሰው አይደለሁም! ምን እንዳልኩ ይስሙኝና ይሰሩኝ!"

"እንዴት እሰማለሁ? ከሰማሁ ምስክር ልሆን ነው። ካሰርኩዎት አለቆችዎ ይቆጡኛል፣ ካላሰርኩዎት ቸልተኛ እባላለሁ" አለ መኮንኑ፤ ላቡን ጠረገ። ሻይ አስመጣለት። ወንበሩን ለቀቀለት። "እባክዎ ስለ ጣቢያችን ሲጠየቁ ንቁ ነው፣ ሰውም በአክብሮት ያስተናግዳል ይበሉልን።" ቀጥሎም ፈቀደ እየተግደረደረ፣ በኋላም ተዉኝ ብሎ እየለመነ፣ በጣቢያው ላንድሮቨር አሳፍሮ እሪ በከንቱ ድረስ አደረሰው። የሰፈሩ ሰው ለሠርክ ጸሎት ሲወጣ መኪናው ከደጃፉ ቆመ። መኮንኑ ራሱ ወርዶ በሩን ከፈተለትና በሰው ሁሉ ፊት ሰላምታ ሰጠው፤ የወታደር ሰላምታ፣ ተረከዙን አጋጭቶ።

ሳሎን ውስጥ አቶ እሸቴና የፍቅሬ አባት አቶ ወልደጊዮርጊስ ተቀምጠው ጠበቁት። አቶ ወልደጊዮርጊስ ሁለት የእህል ወፍጮ ያላቸው፣ ለማንም ከወንበራቸው የማይነሡ ሰው ናቸው። ተነሡ። የጠጅ ቤቱን ወሬ ሰምተዋል፣ መኪናውንም በመስኮት አይተዋል። "ጠዋት አቶ እሸቴ አሳስተው ነው የነገሩዎት" አሉ፤ አቶ እሸቴም ወዲያው ማሳሳታቸውን አመኑ። "ሠርጉ በቀኑ ነው። ከእርስዎ ጋር መዛመድ ለቤታችን ክብር ነው።" ሰገነት በር ላይ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ዐይኗ በእንባ ተሞላ፤ ፈቀደም ከጠዋት ጀምሮ ያን ፊት ለማየት ነበር ሲንከራተት የዋለው።

ከዚያ አቶ ወልደጊዮርጊስ አንድ ጉዳይ አነሡ። ሱሉልታ ያለችው የአባታቸው መሬት ክርክር ሰባት ዓመት በቀጠሮ ሲንከባለል ኖሯል። ዳኛው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ ጉቦውም አብሮ ተቀይሯል። "እርስዎ ለሚመለከተው ሰው አንዲት ቃል ቢወረውሩልን" አሉ። ሙሉዓለም ባሏን አየችው። ፈቀደ "እኔ የክር ነጋዴ ነኝ፣ ተሳስታችኋል" ሊል አፉን ከፈተ። እውነቱ ይህ ነው፤ ይህን ካለ ግን ሰዎቹ ወይ አያምኑትም፣ ወይ አምነው ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ ሠርጉም አብሯቸው ይሄዳል። ሰገነት በር ላይ እንደቆመች ናት።

"እናያለን" አለ።

በሕይወቱ ስንት ሹም ይህን ቃል ሲለው ኖሯል። እሱ ግን እንዲህ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ አይመስለውም ነበር። አቶ ወልደጊዮርጊስ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ሳሙት፤ አቶ እሸቴ ደግሞ አሁን አረቄ ይቀዳልኝ አሉ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ሙሉዓለም ድንኳን ተከዩን ለማስጠራት ወጣች። ሰገነት ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ፈቀደ እቅፍ ታደርገኛለች ብሎ ጠበቀ። ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ ደረደረች፣ መልሳ አነሣቻቸው፣ እንደገና ደረደረች።

"አባዬ" አለችው፣ ሳታየው።

"ወይ የኔ ልጅ።"

"ያን የስድስት ኪሎው ተማሪዎች ሰልፍ ጊዜ… ነጠላዬ ተቀዶ፣ ዐይኔ በጭሱ አብጦ ስመጣ አንተ በጓሮ በር አስገባኸኝ። የወጡትን ልጆች ስምም የነገርኩህ አንተን ብቻ ነው።" "እሱንስ ነግረሃቸዋል?"

ፈቀደ ያን ለሙሉዓለም እንኳ አልነገረም፤ ልጅቱ ወንዝ ዳር ወደቀች ብሎ ሚስቱን ዋሽቷል። የተቀደደውን ነጠላ ራሱ በሱቁ ክር ሰፍቶላታል። ትቀልድ እንደሆነ ብሎ ፊቷን አየ። እየቀለደች አልነበረም።

"አልነገርኩም" አላት። ድምፁ ለራሱም የሐሰት መሰለው። "በሥላሴ! ሰገነት፣ እኔ እኮ… አልነገርኩም።"

"እሺ አባዬ" አለች ቶሎ ብላ፣ ትሪውን አንሥታ። "እሺ። አንተ ካልክ እሺ።"